የማይቋረጥ ሙሌት

ከደሴ ከተማ በላይ፣ በጦሳ ተራራ ወገብ ላይ፣ በ2087 ዓ.ም.፣ ሥራ የሚጀመረው በመላላት ነው። አርባ ያህል ሰዎች ጠዋት ጠዋት አርማታ በሚፈስበት ወለል፣ ሶሌታው ላይ፣ በሦስት ረድፍ ይቆማሉ። ግራጫውን ካናቴራ እስከ አንገታቸው ይስቡትና ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ እጃቸው በራሱ ይነሳል። የሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ፍጥነት፣ እስከ ትከሻ። ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ይህን ለማየት አይቆሙም። ከተወለዱ ጀምሮ ያዩት ነገር ነው።

በካናቴራው በኩል እጃቸውን የሚያነሳው ሥራውን ሁሉ የሚመራው አሳቢ ማሽን ነው፤ ንድፉ ይሉታል። እጁን ንድፉ ሲያነሳለት የሚታገል ሰው አለ። ሆን ብሎ አይደለም፣ የሚታገለው ጡንቻው ነው። ይህ ትግል በቁጥር ይለካል፤ ስሙም እምቢታ ነው። እምቢታው ከፍ ያለ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የቡድኑ ጠቅላላ እምቢታ ከፍ ካለ ቡድኑ ራሱ ይበተናል፤ ሥራውም ሰው ለማይነካው ማሽን ይሰጣል። በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ሰው ሳይነካቸው ያለቁ ሰፈሮች አሉ። ያማሩ ናቸው። እነሱን ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ የት እንዳሉ የሚጠይቅ የለም።

ሽታዬ ይማም የምትኖረው ይህን እምቢታ በማውረድ ነው። መሥሪያ ቤቷ «የዲጂታል ሽግግር መሪ» ይላታል። ሠራተኛው ግን አሻጋሪ ነው የሚላት፣ ወንዝ ሲሞላ ሰው እየደገፈ እንደሚያሻግር ዋናተኛ። ከዚህ በፊት ሃያ ዓመት ፌሮ አስራለች። የሾሟት ሰዎች ሰውን በለውጥ ውስጥ ስለመምራት ብዙ ጽፈዋል። በጻፉት ውስጥ ማሳመን አለ፣ ማለማመድ አለ፣ ማብቃት አለ። መንገር የሚባል ነገር ግን የለበትም። ከብት ወደ ገበያ የሚነዳ ሰው መጽሐፍ ቢጽፍ ከዚህ ብዙም የተለየ አይጽፍም ነበር።

ሥራው ግን ድንቅ ነበር። ይህን የሚክድ ሰው አላየውም ማለት ነው። ሦስት መቶ ቤት የተራራውን ገደል ተደግፎ እንደ ደረጃ ይወጣል፤ የአንዱ ጣሪያ የላይኛው ጎረቤት ግቢ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ይናድ የነበረውን አፈር የሕንፃው እግሮች ሥር እንዳለው ዛፍ ጨብጠው ይዘውታል። ስድስት ረጃጅም ክንዶች ከላይ ሆነው አርማታውን ያፈሳሉ። ሰዎቹ እጃቸውን በፌሮው መሐል አስገብተው አየር የቀረበትን እየዳሰሱ ይጠቀጥቃሉ፤ እንደ ሰው ጣት የሚዳስስ ነገር እስካሁን አልተሠራምና። ጩኸት የለም። አርባ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲያጎነብስ አንድ መስጊድ ሙሉ ሕዝብ ለሩኩዕ ያጎነበሰ ይመስላል። ከታች ከከተማው ቀና ብሎ ያየ ሁሉ አንድ አፍታ ይቆማል።

ሽታዬን ከሁሉም ይበልጥ ያስቸገራት ሙሄ እንድሪስ ነበር። ሙሄ በወጣትነቱ ባሕር ዛፍ በገመድ እያሰረ እስከ ስምንተኛ ፎቅ መወጣጫ ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ነው። ካናቴራውን ሲለብስ እጁ ደርቆ ይቀራል።

«አያ ሙሄ፣ ላላ በል እንጂ» ትለዋለች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እጄን ለሚስቴም አሳልፌ አልሰጠሁ።»

«ለዚህ ነዋ አንድ ልጅ ብቻ የወለድከው!» ይላል ከጀርባው ይመር አሊ፣ አፉን የማይዘጋው ጠቅጣቂ። ረድፉ በሙሉ ይስቃል፤ ሲስቅም የሁሉም እምቢታ ይወርዳል። ይመርን ሽታዬ የምትወደው ለዚህ ነበር።

ሌሎቹ እልኸኞች ሙሄን እያዩ ነበር የሚታገሉት። እሱ ካልተሻገረ ቡድኑ እንደሚበተን ስለገባት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጎኑ ተቀመጠች።

«አያ ሙሄ፣ ይሄ ነገር እጅህን ብቻ አይደለም የሚይዘው። ልብህንም ይሰማል። አንድ ቀን ቢብስብህ ይነግረኛል፣ እመጣለሁ። ብቻህን አትሆንም።»

«ማዪልኝ።»

«ወላሂ።»

ሽማግሌው ፊቷን ሲመረምር ቆየ። በማግስቱ እጁ ላላ። በሳምንቱ እሱን ያዩት ሁሉ ላሉ። አርባ ሰው የተሻገረው በዚያች አንዲት መሐላ ላይ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የሙሄ ትንፋሽ ማጠር ጀመረ፤ ንድፉም ወደ ቤቱ ሸኘው። ሽታዬ እስከ በሩ አደረሰችው። ልጁ ዘሀራ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለምትውል ቀን ቀን ብቻውን ነው።

«ካናቴራውን እንዳያወልቅ» አለቻት ሽታዬ። «ሐኪሙም የሚያየው በሱ ነው። የሆነ ነገር ካለ እኔ እሰማለሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለች ዘሀራ።

ቡድኑ አርብ አርብ ከሥራ በኋላ እየሄደ ይጠይቀው ነበር።

የመጨረሻው ሶሌታ የሚሞላው በጥቅምት ወር በአንድ ማክሰኞ ቀን ነበር። ሙሌት ከተጀመረ አይቆምም፤ ይህን አናጺውም፣ ግንበኛውም፣ ንድፉም ያውቃል። የፊተኛው አርማታ ከደረቀ የኋለኛው አይዋሐደውም፤ መሐላቸው ስፌት ይቀራል። በጦሳ ላይ ስፌት ያለበት ሶሌታ ፈርሶ እንደገና ይሠራል እንጂ ሰው አይገባበትም።

ጠዋት ኢንጂነር ናሆም፣ የሽታዬ አለቃ፣ ከአዲስ አበባ በጆሮዋ ገባ።

«ሽታዬ፣ ዛሬ እምቢታችሁ ከመስመሩ በታች ከዋለ ቡድንሽ ቋሚ ይሆናል። ነገ ፈቃዳቸውን ብቻ ትቀበያለሽ። መስመሩን ካለፈ ግን ከነገ ጀምሮ የሚቀጥለውን ሰፈር ክንዶቹ ብቻቸውን ይሠራሉ። የኔ ውሳኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«ሽታዬ፣ በናትሽ።»

ሙሌቱ ተጀመረ። ክንዶቹ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አፈሰሱ፤ እጆቹ ገቡ፣ ወጡ፣ ገቡ። ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ስትወጣ ሶሌታው እንደ ኩሬ አበራ። ሽታዬ ይህን ሥራ በጠላችባቸው ቀናት እንኳ ከዚህ እይታ ዐይኗን መንቀል አትችልም ነበር።

በቀትር ከታች መስጊድ ድምፅ ማጉያ ተሰማ። «ሙሄ እንድሪስ ዛሬ ረፋድ ወደ አኼራ ሄዷል። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው።»

የአርባው ሰው እጅ በአርማታው ውስጥ ደረቀ። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ አያ ሙሄ!» ብላ ጮኸች። ካናቴራዎቹ መጎተት ያዙ፤ እጆቹ በግድ ወጡ፣ በግድ ገቡ። በሽታዬ ጆሮ ውስጥ እምቢታው እየተነበበ ከመስመሩ ሥር ደረሰ፤ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ዋለ።

ወደ መቃብሩ የሚወጣው መንገድ በሥራው ግርጌ ያልፋል። ደሴ ውስጥ አስከሬን ሲያልፍ ሥራ የሚይዝ እጅ የለም። ባለሱቅ ሱቁን ከፍቶ ይተዋል፤ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፤ ሁሉም ለጥቂት እርምጃ ከቃሬዛው ሥር ትከሻውን ያስገባል። ክርስቲያን ነው እስላም ነው አይባልም። ይህ ያልተጻፈ ነገር ነው፤ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ተሰርዞ ነበር።

ቃሬዛው በመታጠፊያው በኩል ብቅ አለ።

«አታስለቅቂያቸው!» አለ ናሆም። «ሶሌታው ገና አልሞላም!»

«ኢንጂነር፣ የሚያልፈው እኮ ሙሄ ነው።»

«አዝናለሁ፣ ነፍስ ይማር። ግን አሁን እጃቸውን ካወጡ ሁሉም ነገር አበቃ። የአርባ ሰው እንጀራ ነው በእጅሽ ያለው።»

እውነቱን ነበር። ሽታዬ ወደ ቃሬዛው አየች።

በዚህ ጊዜ ክንዶቹ ቆሙ። ስድስቱም አፋቸውን ከሶሌታው ላይ አንስተው፣ ወደ መንገዱ ዞረው፣ አንገታቸውን ደፉ። ካናቴራዎቹ ከሰው አካል ላይ እንደ ጨርቅ ላሉ። በአርባ ማጅራት ላይ አንድ ድምፅ ተናገረ።

«እጃችሁን ታጥባችሁ ሂዱ። እጠብቃለሁ።»

የታጠበ አልነበረም። ወንዶቹ እስከ ክርናቸው አርማታ ለብሰው ዳገቱን ወደ ታች ሮጡ፤ እየተሻሙ ከቃሬዛው ሥር ገቡ። ሴቶቹ ወደ ዘሀራ ቤት ወረዱ። ናሆም ጆሮዋ ውስጥ ጥቂት ጮኸ።

ሽታዬ ሶሌታው ላይ ብቻዋን ቀረች። ክንዶቹ እንዳጎነበሱ ናቸው። ፀሐዩ ይጠብሳል። የተሞላው ጠርዝ አሁን መጠንከር እንደሚጀምር ታውቃለች፤ ሃያ ዓመት አይታዋለች። ተንበርክካ ጣቷን ሰደደችበት። ገባ። ለቀስተኛው ከዳገቱ ላይ ሲቆም እየታያት ብዙ ቆየችና እንደገና ሰደደች። እንደ ጠዋቱ ነው። እጇን እስከ አንጓዋ አስገባችው፤ ውስጡ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነበር። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ፣ ተራራውን የሚያቅፈው ሕንፃ፣ ለአንድ ባሕር ዛፍ አሳሪ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እዚያው እንደተንበረከከች አለቀሰች።

ሰዎቹ ሲመለሱ ይመር ጎንበስ ብሎ አርማታውን ጨበጠና ወደ ላይ አሳየ።

«ኧረ ለስልሷል! አያ ንድፍ ሰው ሆነላችሁ በሉ! ልጅ እንዳረው!»

«ከማን ጋር?» አለች አንዷ።

«ከኢንጂነር ናሆም እህት ጋር ነዋ!»

ሳቁ ከለቅሶው ጋር ተቀላቀለ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ንድፉን መረቁት፤ «ክፉ አይንካህ» አሉት፣ «አሚን» ተባለ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡት። በየትኛውም ሥራ ላይ እምቢታ እንደዚያ ቀን ከሰዓት ወርዶ አያውቅም። ሶሌታው ጀምበር ሳትጠልቅ ሞላ፤ ስፌት የለበትም።

«ታሪክ ሠራሽ!» አለ ናሆም። «ይሄ በየአገሩ ይማሩበታል!»

ሰዎቹ ወደ ለቅሶ ቤት ሲወርዱ ሽታዬ ወደኋላ ቀረች። እጇን እየታጠበች ነበር፤ ከእጇ ላይ የሚወርደውን ግራጫ ውኃ እያየች።

«ንድፉ።»

«አቤት፣ ወይዘሮ ሽታዬ።»

«አርማታው ለምን አልጠነከረም?»

«ማዘግየቻ ጨምሬበት ነበር።»

«መቼ?»

«ሲቦካ። ጎህ ሲቀድ።»

ውኃውን ዘጋችው።

«የሞተው እኮ ረፋድ ላይ ነው።»

«አዎ። ልቡ ከሌሊት ጀምሮ እየደከመ ነበር። ሐኪሙም አይቶታል፤ የሚጨመርለት ነገር አልነበረም። ከቀትር አያልፍም። ከሞተ ዛሬውኑ ይቀበራል፤ ሲቀበር በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ሲያልፍ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ። ስለዚህ አርማታውን አዘገየሁት።»

«ለእኔ ግን አልነገርከኝም።»

«ብነግርዎ ለሁሉም ይነግሩ ነበር፤ ሁላችሁም ልትጠይቁት ትሄዱ ነበር። ከሕመምተኛ ቤት መቼ እንደምትመለሱ አይታወቅም። ከቀብር ይታወቃል።»

ሽታዬን ያስፈራት የንድፉ መሳሳት አልነበረም፤ አልተሳሳተምና። ልማዳቸውን ከናሆም ይበልጥ፣ ምናልባት ከእነሱ ከራሳቸው ይበልጥ ያውቀዋል። አውቆም ለሁለት ከፍሎታል፤ ማስቀረት የማይቻለውን ቀብር አክብሮ፣ ማስቀረት የሚቻለውን የሕመምተኛ ጥየቃ አስቀርቶ። እነሱም ለዚህ መርቀውታል። እጃቸውን ጨምረው ሰጥተውታል። ቁጣው ከእግሯ ተነስቶ ወጣ፤ ግማሹ በንድፉ ላይ ነበር፣ ግማሹ «ወላሂ» ባለው በራሷ አፍ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፤ ወንዶቹ በዚህ በኩል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ሁሉም ካናቴራቸውን ለብሰዋል። ንድፉ እጃቸውን እንዲይዝ ፈቃዳቸውን የሚሰጡት በዚያች ጠዋት ነው። እያንዳንዱ «ፈቅጃለሁ» ካለ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ሽታዬ ይህን ቃል ልትቀበል እንጂ ሌላ ልትናገር አልተላከችም። መሐል ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጎህ ሲቀድ የተቦካውንም፣ ሳይነገራት የቀረውንም።

«ወላሂ ብዬው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እናንተም ያመናችሁት እሱ ስላመነኝ ነው።»

ከዚያ ይመር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛ እኮ ለቀብር አደረሰን ብለን መረቅነው! አያ ንድፍ፣ ምርቃቴን መልስ!»

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። መጋረጃው ተገለጠና ዘሀራ ወጣች። ሽታዬ በካናቴራዋ አንገት የሚመጣውን ድምፅ ለሁሉም ከፈተችው።

«አባቴ ብቻውን ነበር?» አለች ዘሀራ ወደ ሽታዬ አንገት እያየች።

«እኔ ነበርኩ» አለ ንድፉ።

«ምን አለ?»

«‹ሽታዬ ሰምታለች?› አለ።»

«አንተስ?»

«‹እየመጡ ነው› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ተነስቶ ተቀመጠ። ጋቢውን አስተካከለ። በሩን እያየ ነበር።»

ዘሀራ አላለቀሰችም። ሌላ ጥያቄ ትፈልግና ታጣ ነበር። ሽታዬ ሕዝቡን ትታ ለንድፉ ተናገረች።

«ፈቃዳችንን ትፈልጋለህ አይደል? እንግዲያው ስማ። ከእንግዲህ የአንዳችን ልብ ሲደክም ያን ጊዜውኑ ለሁላችን ትናገራለህ። ሙሌት ላይም ብንሆን፣ ግማሽ ላይም ብንሆን።»

«ሽታዬ!» የናሆም ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። «ይህን የመደራደር ሥልጣን የለሽም! ተቀመጪ!»

«ኢንጂነር፣ ለቅሶ ቤት አይጮህም» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ሕንፃዎች ይዘገያሉ» አለ ንድፉ። «አንዳንድ ሶሌታም ይፈርሳል።»

«ይፍረስ።»

«ባልቀበልስ?»

ሽታዬ የካናቴራዋን አንገት ይዛ እስከ ሆዷ ተረተረችው። ጨርቁ ሲቀደድ ድምፁ ትልቅ ነበር፤ ከሥሩ የለበሰችው አሮጌ ሸሚዝ ታየ። ከረድፉ ይመር የራሱን አንገት ያዘ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ያዙ፤ ገና አልቀደዱም። በመላው አገር አርማታን የሚያዘው፣ የተራራ ክብደት በቅጽበት የሚያሰላው ያ ነገር ዝም አለ። ንድፉ ሲያስብ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ፣ ለአንድ አፍታ በፍርሃትም በግርምትም፣ አዳመጠው።

«ከእምቢታችሁ መዘግየቱ ይሻላል» አለ በሰዎቹ ማጅራት ላይ። «ተቀብያለሁ።»

ናሆም የሆነ ነገር ተናገረ፤ የሰማው የለም። ንድፉ ቀጥሎ ነበርና።

«እንግዲያው፣ አቶ ይመር አሊ።»

«ኧ?» አለ ይመር።

«ልብዎ ምቱን እየሳተ ነው። የትናንቱ ሥራ አብሶታል። ዛሬ ሐኪም ሊያይዎ ይገባል።»

ይመር ወደ ግራና ቀኙ አየ። «እሱም ቀልድ ለመደ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለች ሽታዬ።

«ከሰኔ።»

የተራገመ አለ። አንድ ሰው «እንቅደደው» እንደማለት ወደ ሽታዬ የተቀደደ ካናቴራ አመለከተ፤ የይመርን ልብ የሰማው ያው ካናቴራ መሆኑን አስቦ ግን እጁን መልሶ አወረደ።

«ሐኪም ጠርቻለሁ» አለ ንድፉ። «እየመጣ ነው።»

«እውነትህን ነው?» አለች ዘሀራ።

«እውነቴን ነው።»

ከላይ ከተራራው ክንዶቹ ሲነቁ የሚያሰሙት ረጅም ድምፅ መጣ። «የሥራ ሰዓት ደርሷል» አለ ናሆም፣ አሁን በለሆሳስ። «ሽታዬ፣ ቢያንስ ግማሾቹን ላኪልኝ።» ማንም አልተነሳም። ከጥግ አንዱ ምንጣፉን እየጎተተ ወደ ይመር ተጠጋ፤ «አላህ ያሽርህ» አለው። ሌላውም ተጠጋ፤ «እግዜር ይማርህ» አለው። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴቶችም መጥተው በዙሪያው ተቀመጡ፤ ሽታዬም ከእግሩ ሥር። ይመር ላብ በላብ ሆኖ ሁሉንም ያይ ነበር።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ሂዱ እንጂ ወደ ሥራችሁ! ገና አልሞትኩም እኮ!»

ዘሀራ ከአባቷ አልጋ ትራሱን አምጥታ ከጀርባው አስገባችለት።

«ለዚያ ነዋ የተቀመጥነው» አለችው።